መንግሥተ ሰማያት በባሮ ዳር ምን ማለት ነው?

አማርኛ «መንግሥት» የሚለውን አንድ ቃል ለሁለት ጌታ አሳድሮታል። ግብር የሚሰበስበው፣ መታወቂያ የሚያድሰው፣ መብራት ሲጠፋ የሚታማው መንግሥት አለ። «አባታችን ሆይ» ሲደገም ደግሞ እንዲመጣ የሚለመነው አለ። ሰዉ ሁለቱን ሳያምታታ ይኖራል፤ ማለዳ አንዱን ለምኖ፣ ረፋዱ ላይ ቀበሌ ሄዶ የሌላውን ደጅ ይጠናል።

«ደጅ መጥናት» የሚለው አነጋገራችን ራሱ ብዙ ይናገራል። የጥንቱ ባለጉዳይ ከግቢው አጥር ሥር ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይከርም ነበር፤ ጌታው ብቅ ሲል እጅ ነሥቶ አቤት ለማለት። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ክርስቲያን የእግዚአብሔር መንግሥት ሲባል ዙፋን፣ እልፍኝ አስከልካይና የግብር አዳራሽ ቢታየው አይገርምም። መንግሥተ ሰማያት «መግባት» ነው የምንለው። በር አለው ማለት ነው፤ የሚገቡበትም፣ የሚመለሱበትም።

ባሮ ወንዝ ዳር ባለችው ጋምቤላ ላይ ግን ይህ ሥዕል ለሁሉም ሰው አይሠራም። ክርስቲያኖች የሚጠብቁት መንግሥት ምን እንደሆነ፣ መጠበቁም የዛሬን ኑሮ እንዴት እንደሚነካ ለማየት ጋምቤላን የመረጥሁት በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ክልሉ 307,096 ሰው ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ 70.1 በመቶው ፕሮቴስታንት፣ 16.8 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 3.4 በመቶው ካቶሊክ ነኝ ብሏል። ከአሥሩ ዘጠኙ ክርስቲያን ነው ማለት ነው። ያ ሁሉ ሰው መንግሥቱ እንድትመጣ ይጸልያል፤ ያ ሁሉ ሰው ደግሞ ደም መፋሰስን በቅርብ ያየ ነው። ተስፋው በአፍ ብቻ ያለ ይሁን ወይም ወደ ኑሮም የወረደ፣ እዚያ ይታያል።

ከክልሉ ሕዝቦች ከኑዌሮች እንጀምር። ኑዌሮች ንጉሥ አያውቁም ነበር። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1920ዎቹ (ይህም ሆነ ሌሎቹ ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው) መካከላቸው ኖሮ በጻፈው ጥናት ዓለምን ያስገረመው ይኸው ነበር፤ ያለ ንጉሥ፣ ያለ ወታደር፣ ያለ እስር ቤት በሥርዓት የሚኖር ብዙ ሕዝብ። የነበራቸው «ኩዋር ሙኦን» ነው፤ የመሬት ኩዋር እንደማለት። ትከሻው ላይ የነብር ቆዳ ጣል ያደርጋል። ማዘዝ አይችልም፤ የሚያዝበት ጦርም የለውም። ሥራው ሰው ሲገደል በሁለቱ ወገን መካከል መቆም ነው። ዛሬ ኑዌሩ ምእመን ጌታውን ኢየሱስን የሚጠራበት ቃል ይኸው «ኩዋር» ነው። ቃሉ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ከዙፋን ሳይሆን ከአስታራቂ ነው።

አኙዋኮች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ የመንደር አለቃ ነበራቸው፤ «ኩዋሮ» ይሉታል። ሕዝቡ ወደ እሱ ሲቀርብ ጎንበስ ብሎ ነው፤ ይህን ያየ እንግዳ ፍጹም ገዢ ነው ሊል ይችላል። ግን ውል አለው። ኩዋሮው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ይደግሳል። እጁ ከታጠፈ፣ ቆጣቢ ከሆነ፣ መንደሩ ተነሥቶ ያወርደውና ሌላ ይተካል። ለዚህ ዓይነቱ መፈንቅለ አለቃ «አጌም» የሚል ስም እንኳ አላቸው። ንጉሥ ማለት የሚያበላ ነው፤ ካላበላ ንጉሥ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ሰባኪ ጋምቤላ ከተማ ላይ ቆሞ «የእግዚአብሔር መንግሥት ይመጣል» ቢል ከሌላው የአገሪቱ ክፍል የመጣው ደገኛ በር ይታየዋል፣ አኙዋኩ ማዕድ፣ ኑዌሩ ዳኛ። ማናቸውም አልተሳሳቱም። ወንጌሎቹ ውስጥ ሦስቱም አሉ፤ የተዘጋ በር የሚያንኳኩ ቆነጃጅት፣ ከጎዳና የተጠሩ ድሆች የሚታደሙበት ሠርግ፣ በጎቹን ከፍየሎቹ የሚለይ ፈራጅ።

ትምህርቱን ባጭሩ እንየው። ኢየሱስ መንግሥቱ ቀርባለች እያለ ሰበከ፤ ደቀ መዛሙርቱን ግን እንድትመጣ ጸልዩ አላቸው። ከመጣች ለምን ትለመናለች? ካልመጣች እንዴት ቀረበች? ራሱ የሰጠውን የእርሾ ምሳሌ ማንኛዋም እንጀራ ጋጋሪ ከሊቃውንቱ ቀድማ ትረዳዋለች። እርሾው ገብቷል፤ ሊጡ ግን ገና ነው። እቃውን የከፈተ ሰው ኩፍ ማለቱን ያያል፤ እንጀራ ግን አያገኝም። የክርስትና ተስፋ በእነዚህ ሁለት ሰዓቶች መካከል ያለ ኑሮ ነው። የሚጠበቀውም ነፍስ ወደ ሰማይ መሸሿ ብቻ አይደለም፤ የሙታን መነሣት፣ ፍርድ፣ የታደሰ ምድር ነው።

አብያተ ክርስቲያናት አጠባበቃቸው ይለያያል። ኦርቶዶክሱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰንበት፣ የጌታን ዳግም ምጽአት ያስባል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ይጸልያል፤ ሟቹንም ራሱን ወደ ምዕራብ አድርጎ ይቀብረዋል፤ ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደሚመጣው እንዲሆን። አድቬንቲስቶች ስማቸው ራሱ ምጽአትን መጠበቅ ነው። የይሖዋ ምሥክሮች መንግሥቱን በሰማይ ያለ እውነተኛ አስተዳደር አድርገው ስለሚወስዱት በምድራዊ ፖለቲካ አይገቡም። በጋምቤላ የሚበዙት ወንጌላውያን ደግሞ ተስፋውን በመዝሙርና በከበሮ ነው የሚይዙት። በዝርዝሩ ከመሟገት ይልቅ ሁሉንም የሚመለከተውን ክስ መስማት ይሻላል።

ክሱ የታወቀ ነው። ሰማይን የሚጠብቅ ሰው ምድርን ይረሳል፤ ተስፋው ማደንዘዣ ነው። የደርግ ካድሬ በየውይይት ክበቡ ሲያስተምረን የነበረው ይህንን ነው። ፍጹም ሐሰት ቢሆን ኖሮ አያሳስበኝም ነበር፤ ግን እውነት አለበት። በአንደኛው መቶ ዓመት በተሰሎንቄ ቀኑ ደርሷል ብለው ሥራ የተዉ ነበሩ፤ ጳውሎስ የማይሠራ አይብላ እስከማለት ደርሶ ገሠጻቸው። በ1837 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ የዊልያም ሚለር ተከታዮች ጌታ የሚመጣበትን ዕለት ቆርጠው ሲጠብቁ ከርመው፣ አንዳንዶቹ ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ፣ ሌሊቱ ነጋባቸው።

ለዚህ ክስ ከኢትዮጵያ የተሰጠ መልስ አለ፤ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም እላለሁ። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ጻፈች። የውጭ ለጋሾች ለጉድጓድ፣ ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ስብከት ግን እጃቸው ይታጠፍ ነበር። ደብዳቤው እንዲህ ያለውን ክፍፍል ተቃወመ። ሰው አንድ ነው፤ ነፍሱን ለብቻ፣ ሆዱን ለብቻ አታድኑትም የሚል ነው ፍሬ ነገሩ። የዚያን ጊዜ የቤተ ክርስቲያኗ ዋና ጸሐፊ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ምድርን ረስተዋል ሊባሉ የማይችሉት እኚህ ሰው ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ሰዎች ተይዘው ተገደሉ። ደርግ ማደንዘዣ ነው ያለውን ነገር ያን ያህል መፍራቱ ለብቻው የሚያስቅ ነው።

ጋምቤላ ከዚህ ታሪክ ጋር የምትገናኘው በቤቴል በኩል ነው። ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን የወጣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በአብዮቱ ዘመን ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ሚሲዮኑ በአኙዋኮች መካከል ሥራ የጀመረው በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ከጋምቤላ ከተማ ወደ ታች ባሮ ዳር በምትገኘው ፖክዎ ነው፤ መሥራቹ ዶን ማክሉር የሚባል ሰው ነበር። ስሟ በአኙዋክኛ የሕይወት መንደር ማለት ነው። ስብከቱ፣ ሕክምናውና ትምህርቱ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ደብዳቤው በኋላ በቃላት ያለውን ፖክዎ በግቢ አቀማመጥ ብላው ነበር ማለት ይቻላል።

ክሊኒክና ትምህርት ቤት ግን መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅትም ይሠራል። ተስፋው የዕለት ኑሮን ሲለውጥ በደንብ የሚታየው ሞት፣ ደምና ስደት ላይ ነው።

ስለ ሞት እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። ኑዌር ይህን ተረት አድርጎ አልተወውም፤ ሕግ አድርጎታል። ወንድ ልጅ ሳያገባ፣ ሳይወልድ ከሞተ ወንድሙ ወይም ዘመዱ በሟቹ ስም ሚስት ያገባል። የጥሎሹ ከብት የሚነዳው በሟቹ ስም ነው፤ የሚወለዱትም የሟቹ ልጆች ተብለው ይጠራሉ። ባል የሞተባትም ሴት የሟቹ ሚስት ሆና ትቀጥላለች፤ ወንድምየው ቢወልድም ለሟቹ ነው የሚወልድለት። የድሮው ኑዌር ከሞት በኋላ ስለሚሆነው ብዙ አይጨነቅም ነበር ይላሉ ያጠኑት። የሚጨነቀው ስሙ እንዳይጠፋ ነው። ዘላለም ማለት ስምህን የሚጠራ ልጅና ከብት ነው።

አሁን ሰዱቃውያን ኢየሱስን ያፋጠጡበትን ጥያቄ አስታውሱ። ሰባት ወንድማማቾች እየተከታተሉ ለሟች ወንድማቸው ዘር ለመተካት አንዲትን ሴት አገቡ፤ ሁሉም ሞቱ፤ በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች? አዲስ አበባ ላይ ይህ ሲነበብ ሰው የሚሰማው የክርክር ብልጠት ነው፤ ማን ነው ሰባት ወንድም የሚያገባው? በኑዌሮቹ ወረዳዎች፣ ላሬ ወይም ጂካዎ ላይ ሲነበብ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ስድስትና ሰባት ባይሆኑም ሁለትና ሦስቱን የሚያውቅ አይጠፋም። መልሱም በዚያው ልክ ይከብዳል። በትንሣኤ ማግባት የለም፤ አምላክ የሕያዋን አምላክ ነው። በሌላ አነጋገር ሟቹ ስሙን የሚያቆይለት ልጅ አያስፈልገውም፤ ራሱ ይነሣል።

ይህ ትምህርት ከገባ ብዙ ነገር ይነካካል። ልጅ ሳትወልድ የቀረች ሴት ዘር አጥፊ አትባልም። ወጣቱ ለሞተ ወንድሙ ስም ከብት ማጠራቀሙ ቀርቶ የራሱን ትዳር ማሰብ ይችላል። ይህን ስል ልማዱ በአንድ ስብከት ብን ብሎ ጠፋ እያልኩ አይደለም፤ የሟች ሚስትን በዘመድ ቤት ማኖር የመበለት መጠለያም ነውና፣ ሌላ መጠለያ ሳያዘጋጁ ማፍረሱ ራሱ ግፍ ይሆናል። ትንሣኤን የሚሰብክ ቤተ ክርስቲያን መበለቲቱን ማን ያበላታል ለሚለው መልስ ይዞ መምጣት አለበት።

ደሙን ደግሞ ቀረብ ብለን እንየው። በጥንቱ የኑዌር ሥርዓት ሰው የገደለ በቀጥታ የሚሮጠው ወደ ኩዋር ሙኦን ቤት ነው። እዚያ እስካለ ማንም አይነካውም። ግን ኩዋሩ ክንዱን በጦር ጫፍ ቀዶ ደሙን እስኪያፈስለት ድረስ ምግብም ውሃም በአፉ አይዞርም፤ የሟቹ ደም በገዳዩ አካል ውስጥ ገብቷል ተብሎ ይታመናልና። ከዚያ ሽማግሌነት ይጀመራል። የሟች ወገን አሻፈረኝ ይላል፤ ይህም ወጉ ነው፤ ቶሎ እሺ ያለ የወንድሙን ዋጋ አራከሰ ይባላል። በስተመጨረሻ ካሣው 40 ያህል ከብት ላይ ይቆማል። አማራው «ደም ማድረቅ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል፤ ደመኛና ደመኛ በሽማግሌ፣ በመስቀልና በካሣ የሚታረቅበት ወግ የእኛም ነው።

አንዱ ደንብ ግን ልብ ይባል። በመካከላቸው ደም ያለ ሁለት ወገኖች ከአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አይጠጡም። በሦስተኛ ሰው ቤት እንኳ ቢሆን አንዱ በነካው ቅል ሌላው ከጠጣ ሞት ይመጣል ተብሎ ይፈራል። ይህ የጥላቻ ምልክት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ሳያስብ ደሙን እንዳይረሳ የሚጠብቅ አጥር ነው።

በዚህ አጥር መካከል የጌታ እራት ገባ። አንድ እንጀራ፣ አንድ ጽዋ። በክርስትና ትምህርት ይህ ማዕድ ያለፈውን መታሰቢያ ብቻ አይደለም፤ በሚመጣው መንግሥት የሚበላው ግብዣ ቅምሻም ነው። ኢየሱስ በመጨረሻዋ ማታ ከወይኑ ፍሬ በመንግሥቱ እንደ አዲስ እስከሚጠጣበት ቀን ድረስ እንደማይጠጣ ተናግሮ ነበር። ስለዚህ ሁለት ኑዌሮች፣ በአባቶቻቸው መካከል ያልደረቀ ደም ያለባቸው፣ እሑድ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ጽዋው ሲዞር ምን ያደርጋሉ? አንዱ ቢጠጣ ሌላው ይቀራል? ሁለቱም ቢጠጡ የአባቶቹ ደንብ ፈረሰ? ወይስ ሁለቱም መንግሥቱ ስትመጣ የሚሆነውን ዛሬ አደረጉት? ነገረ መለኮት ከዚህ በላይ በቅል ላይ ወርዶ አላየሁም።

ተስፋው በደም ጉዳይ ላይ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ይህ ማዕድ ነው። ሁለተኛው ፍርድ ነው። «ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» የሚል ሰው ጉዳዩን ተወ ማለት አይደለም፤ ወደ ሌላ ችሎት አዛወረው። ጉቦ የማይበላ፣ ምስክር የማይሻ ዳኛ እንደሚመጣ ያመነ ሰው ጦሩን ለማስቀመጥ ምክንያት ያገኛል። ካላመነ ግን ፈራጁ እሱ ራሱ ነው፤ ዛሬ ካልፈረደ መቼም የሚፈርድ የለም።

ይህ መድኃኒት ግን መርዝም ሊሆን ይችላል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ውስጥ አኙዋኮች በየቤታቸውና በየመንገዱ እየታደኑ ተገደሉ። መነሻው የስደተኞች ጉዳይ ሠራተኞችን የያዘ መኪና ላይ የደረሰ፣ አኙዋኮች ፈጸሙት የተባለ ግድያ ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው በጥቃቱ ወታደሮችም ደገኛ ነዋሪዎችም ተካፍለውበታል፤ የሟቾቹም ቁጥር እስከ 424 ይደርሳል። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 65 ነው አለ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። በማግስቱ እሑድ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ለደረሰበት ቤተሰብ «ለእግዚአብሔር ስጡት» ማለት ቀላል ነው፤ በተለይ ለሚለው ሰው። ተበዳዩ በራሱ አንደበት ሲለው ታላቅ ተስፋ ነው፤ በዳዩ ወይም የበዳይ ጎረቤት ሲለው ፋይል መዝጊያ ነው። ነቢያቱ ሁሉ የሚመጣውን ፍርድ ሲያውጁ የዛሬውን ዳኛ ለማንቃት እንጂ ለማስተኛት አልነበረም። መንግሥተ ሰማያት ላይ ፍትሕ አለ የሚል ሰው ምድር ላይ ያለው ፍርድ ቤት ሲያንቀላፋ ዝም ካለ፣ ካድሬው የተናገረውን ክስ በገዛ እጁ ያጸድቃል።

ቤተ ክርስቲያኖቹም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ከተማው ውስጥ አኙዋኩ በአኙዋክኛ፣ ኑዌሩ በኑዌርኛ፣ ደገኛው በአማርኛ ያመልካል። በቋንቋ ማምለኩ ጥፋት የለውም፤ እንዲያውም የዮሐንስ ራእይ በዙፋኑ ፊት የሚያሳየን ከነገድና ከቋንቋ ሁሉ የተሰበሰበ ሕዝብ ነው፤ ቋንቋው ተለይቶ ይታወቃል እንጂ አልተደመሰሰም። ችግሩ አምልኮው በቋንቋ ሲከፈል ወዳጅነቱም አብሮ መከፈሉ ነው። ስለ አኙዋክና ኑዌር ግንኙነት በሰፊው የጻፉት ተመራማሪ ደረጀ ፈይሳ የሁለቱ ፉክክር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅም እንደገባ አሳይተዋል። በቅርብ ዓመታትም በክልሉ ኢታንግ ወረዳ በኩል ሁለቱ ወገን ሲጋጭ ከተማው ውስጥ ሰዎች በየሰፈራቸው ተለይተው የተቀመጡበት ጊዜ ነበር። የባሮ ድልድይ እንዲህ ባለው ሰሞን ከወንዙ ይልቅ ይሰፋል።

ስደቱን በሚመለከት ክልሉ ከ300 ሺህ የሚበልጡ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠግቷል፤ በ1999 ከተቆጠረው ሕዝብ ጋር የሚተካከል ነው። ለብዙዎቹ ይህ የመጀመሪያ ስደት አይደለም። በ1970ዎቹ ኢታንግ ላይ በመቶ ሺዎች ሰፍረው ነበር፤ እጅግ ብዙ ኑዌሮች ክርስትናን የተቀበሉትም በዚያ ካምፕ ነው። ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅ በአንድ ሰሞን ተነቅለው ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

እነዚህ ሰዎች ኢሳይያስ 18ን የሚያነቡት እንደ ሌላው ሰው አይደለም። ምዕራፉ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለ፣ ወንዞች ስለሚከፍሉት አገር፣ ቁመተ ረጅምና ቆዳው ለስላሳ ስለሆነ ሕዝብ፣ ይህም ሕዝብ አንድ ቀን ወደ ጽዮን እጅ መንሻ እንደሚያመጣ ይናገራል። የኑዌርን ወጣት ቁመት፣ የባሮንና የሶባትን ወንዞች አገር ያየ ሰው ይህ ስለ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም። እኛም «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል ያለበትን የመዝሙር ክፍል እንዲሁ ለራሳችን አድርገን እናነባለንና ለመፍረድ አፍ የለንም። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ትንቢቱ ደረሰ ያሉ ብዙ ነበሩ። ሁለት ዓመት ተኩል አልሞላም፤ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ጁባ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከዚያ ጋምቤላ ውስጥ ያሉት የኩሌና የቲርኪዲ ካምፖች በስደተኛ ተሞሉ።

የሚመጣውን መንግሥት ከአንድ ባንዲራ ጋር አጣብቆ መስፋት ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ጋምቤላ ደግሞ የሌሎች ተስፋ ማረፊያ ሆና ኖራለች። በ1894 በተፈረመው ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ ተፈቀደላቸው፤ ደርግ ከድርቁ በኋላ ደገኞችን አምጥቶ አሰፈረ፤ ቆየት ብሎ በብዙ ሺህ ሄክታር የሚለካ መሬት ለባለሀብት ተሰጠ። ሁሉም ሲመጣ ምድሪቱ ገነት እንደምትሆን ተነግሮ ነበር።

ታዲያ ባንዲራው ላይ የሰፋው ተስፋ ሲቀደድ ምን ይቀራል? ሰባኪዎች ለስደተኛ ጉባኤ ደጋግመው የሚያነሡት ሌላ ክፍል አለ። ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ላሉ ምርኮኞች ደብዳቤ ልኮ ነበር። ነገ ትመለሳላችሁ የሚሉ ነቢያት በዝተው ስለነበር ምርኮኞቹ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ተቀምጠዋል። ኤርምያስ ግን መመለሱ አይቀርም፤ ቢሆንም 70 ዓመት ነው፤ እስከዚያው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተሰደዳችሁበት ከተማም ሰላም ጸልዩ አላቸው። ይህ ምክር ደስ አይልም። ተስፋውን አያጠፋውም፤ ግን ከመቀመጫው ያስነሣዋል። ለማረኩን ሰዎች ከተማ ጸልዩ መባሉ ደግሞ አኙዋክና ኑዌር በተኳረፉበት ወረዳ ላለ ስደተኛ እንዲህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

ካምፕ ውስጥ ሁሉ ነገር ጊዜያዊ ነው። የሸራው ቤት ጊዜያዊ ነው፤ የራሽን ካርዱ ጊዜያዊ ነው፤ በጭቃ የተመረገችው ቤተ ክርስቲያንም አግዳሚዋ ከመሬት ያልበለጠ ግንድ ነው። ጋምቤላ ሙቀቱ ከባድ፣ ዝናቡም ሲመጣ ጎርፉ የማይታመን ነው፤ ሌችዎር የተባለው ካምፕ በ2006 ክረምት በውሃ ተጥለቅልቆ በኋላ ሰዉ ወደ ጀዊ መዛወር ነበረበት። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው ከጎጆው ጎን ማንጎ ሲተክል ለምን ብሎ መጠየቅ ያምራችኋል። በቆሎ ቢሆን በሦስት በአራት ወር ይደርሳል። ከፍሬው የተተከለ ማንጎ ግን እስኪያፈራ አምስትና ስድስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የተከለው ሰው ያን ጊዜ እዚህ ከሆነ ወደ አገሩ መመለሱ አልተሳካም ማለት ነው። ከተመለሰ ደግሞ የሚበላው ሌላ ነው፤ ምናልባትም ከወንዙ ማዶ የሚመጣ፣ በመካከላቸው ደም ያለበት ሰው። ሆኖም ማታ ማታ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ ከውሃ ወረፋ በጄሪካን ካመጣው ላይ ቀንሶ ሥሩ ላይ ያፈስለታል።